ሦስት ቀን በዘጌ፦ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሕንፃ ከጉልላት እስከ መሠረት

በጣና ሐይቅ፣ በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ካለው ከኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የደረሰ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ነው። አንዱ አስጎብኚ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይላል፤ ሌላው 16ኛው ይላል፤ ሥዕሉን ያጠና ሰው ደግሞ 19ኛውን ይጠራል። ሦስቱም አልተሳሳቱም። ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ አሁን የቆመው ሕንፃ የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ እንደሆነ ይነገራል፤ ከምናያቸው ሥዕሎች አብዛኞቹ ከዚያ በብዙ ዘመን ያንሳሉ፤ ክዳኑ ከሁሉም ያንሳል። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ዕድሜው በየአካሉ ይለያያል። ይህ የሦስት ቀን ማስታወሻ እያንዳንዱን አካል ለብቻው እያየ የሚሄድ ነው፤ ማደሪያው ባሕር ዳር፣ መዋያው ዘጌ።

ከመነሣት በፊት የአካባቢውን የሰላም ሁኔታ ባሕር ዳር ካሉ ሰዎች ጠይቆ ማረጋገጥ ግድ ነው።

አንደኛ ቀን፦ ከባሕር ዳር በጀልባ፣ ሕንፃውን ከውጭ

ከወደቡ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እንነሣለን። ጣና ጠዋት የተኛ ነው፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋሱ ይነሣና ማዕበሉ ትንንሽ ጀልባዎችን ያንገላታል። ተራ የሞተር ጀልባ ኡራ ወደብ ለመድረስ 1 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ዋጋው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በጀልባ ስለሚቆረጥ ተሰባስቦ መሄድ ያዋጣል። ጀልባው ቆሞ የሚጠብቅበት ሰዓት በዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባቱን ሳይሳፈሩ መነጋገር ይሻላል፤ ጭቅጭቅ የሚነሣው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ካልተሰጠ ይጠየቅ።

በሻንጣ የሚያዘው ጥቂት ነው፦ ነጠላ፣ የእጅ ባትሪ፣ ውኃ፣ ዝርዝር ብር (መግቢያው በየቤተ ክርስቲያኑ ለየብቻ ይከፈላል)፣ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ፣ ወፍራም ካልሲ። ካልሲውን አትናቁት። ጫማ ደጅ ይቀራል፤ ውስጥ ወለሉ ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ ደግሞ ቁንጫ አያጣውም።

ከወደቡ እስከ ቅጽሩ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው፤ መንገዱ በቡናው ጥላ ሥር ሽቅብ ይወጣል። ዘጌ አይታረስም። አቡነ በትረ ማርያም የቦታው ሰው ያለ በሬ እንዲኖር ጸልየው፣ በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ቡናው ጥላ ይፈልጋል፣ ጥላውን የሚሰጠው ዛፍም አይነካም። ለሕንፃው ታሪክም ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማረሻ በማያውቀው መሬት ላይ እንጨት በእጅ ነው፤ ጭቃውን አስሮ የሚይዘው የጤፍ ጭድ ግን ከባሕረ ገቡ መሬት ውጭ መምጣት አለበት። ስለዚህ ግድግዳ መመረግ እዚህ ከእንጨት ሥራው ይልቅ ድካም ያለበት ሥራ ነው።

ቅጽሩ ውስጥ ሲገባ እግር ወደ በሩ ይቸኩላል፤ ይቆይ። መጀመሪያ ሕንፃውን አንድ ጊዜ ሙሉውን መዞር ይገባል፤ ለዚህም ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ቀና ብሎ ከጉልላቱ መጀመር ነው። መስቀሉ ጫፍ ላይ የተሰኩት የሰጎን እንቁላሎች ናቸው። ሰጎን እንቁላሏን ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃለች፤ እግዚአብሔርም ሕዝቡን እንዲሁ፣ ምእመኑም በጸሎት ጊዜ ልቡን ሳይበትን እንዲሁ ይሁን የሚል ትርጓሜ አለው። ጉልላቱ ሌላም ሥራ አለው። ወራጆቹ፣ ማለትም የጣሪያው ቋሚ እንጨቶች፣ ሁሉ የሚገናኙበትን ጫፍ የሚደፍነው እሱ ነው፤ ጉልላት ያዘነበለ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይቆይ መሀሉ ላይ፣ ማለትም ልክ በመቅደሱ አናት ላይ፣ ማፍሰስ ይጀምራል። የከፋው ቦታም ያ ነው፤ ሥዕሉ ያለው ከዚያ ሥር ስለሆነ።

ጣሪያው ባርኔጣ ይመስላል። ወራጆቹ ከጫፍ ተነሥተው መሀል ላይ በመቅደሱ ግድግዳ፣ ዳር ላይ በውጭው ምሰሶዎች ተደግፈው ይወርዳሉ፤ ማገሩ በክብ በክብ እየተጠመጠመ በልጥ ወይም በሐረግ ይታሰርባቸዋል። የሣር ክዳን የሚጀመረው ከታች ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ሰንበሌጥ ከጠርዙ ወጣ ብሎ ይታሰራል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ከግማሽ በላይ ሸፍኖ ይቀመጣል፤ እንዲህ እየተደራረበ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ የጀመረ ከዳኝ ውኃውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። የጣሪያው ተዳፋትም ሾጣጣ የሆነው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ለጥ ያለ የሣር ክዳን ውኃ ይይዛል፣ የያዘው ውኃ ያሻግተዋል። ጥሩ ሰንበሌጥ በጥሩ እጅ ከተከደነ ከ10 ዓመት በላይ ያገለግላል፤ ፀሐይ የማያገኘው፣ ዛፍ ያጠላበት ጎን ግን ቀድሞ ይበሰብሳል። እየዞሩ ሲያዩ አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣውን ጎን መለየት ቀላል ነው።

በጣና ዙሪያ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሣሩን በቆርቆሮ ለውጠዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰንበሌጥ እንደ ድሮው አይገኝም፣ ደህና ከዳኝም አነሰ፣ እሳት ደግሞ ሁልጊዜ ያሰጋል። ቆርቆሮ መብረቅና ሻማ አያስፈራውም። ግን የራሱ ጣጣ አለው። ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ንጋት ላይ ከውስጥ በኩል ላብ ያወጣና ሥዕሉ ላይ ያንጠባጥባል። ምስማሩ ሲዝግ ቀዳዳው ይሰፋል። ዝናብ ሲወርድበት ቅዳሴው አይሰማም። ሣር ያረፈበትን ዝናብ ቀስ ብሎ ሲለቀው ቆርቆሮ በአንድ ጊዜ ስለሚያወርደው ጠፈጠፉ መሬቱን ቆፍሮ ጭቃ ወደ ግድግዳው ይረጫል። ቆርቆሮ የግድ ከሆነ ጠርዙ ረዘም ይበል፣ ከሥሩም ኮርኒስ ይግባበት፤ ይህ ሳይደረግ የቀረባቸው ቦታዎች የግድግዳቸው እግር ይመሰክርባቸዋል።

ቀጥሎ ወደ ታች። ከመሬት እስከ ጉልበት ያለውን ግድግዳ አጎንብሶ ማየት ነው፤ የጭቃ ቤት የሚሞተው ከዚህ ነው። ጭቃው ከመመረጉ በፊት በውኃ ተረግጦ፣ ጭድ ገብቶበት፣ ለቀናት ሲቦካ ይሰነብታል፤ ጭዱ ያነሰው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በደንብ ያልቦካው ይረግፋል። መጀመሪያ ወፍራሙ ምርጊት ይገባል፤ እሱ ደርቆ፣ ሰንጥቆ ካበቃ በኋላ ነው ስሱ የሚለሰንበት። ቸኩሎ በእርጥቡ ላይ የለሰነ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ልስኑን መሬት ላይ ያገኘዋል። የጠፈጠፉ መውረጃ ከግድግዳው አንድ ክንድ እንኳ ካልራቀ የግርጌው ምርጊት በየዓመቱ ይታጠባል። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው እዚህ ይገባል፤ አንድ ክረምት ምንም አይታይም፣ በአምስተኛው ማገሩ ይራቆታል።

ከዚያ ምስጡ አለ። እንደ ደም ሥር ወደ ላይ የሚሄድ የጭቃ መስመር ምሰሶ ላይ ከታየ ምስጥ ገብቷል ማለት ነው። ምሰሶውን በጣት ማንኳኳት ይቻላል፤ ጤነኛው ደፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው እንደ ቅል ይጮኻል። የድሮ አናጢዎች ለምሰሶ ወይራና ጽድ የመረጡት ምስጥ ቶሎ ስለማይደፍራቸው ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ፣ ቀጥ ብሎ ቢያምርም ለዚህ ሥራ አያስተማምንም፤ በቅርብ ጥገና የገባ ባሕር ዛፍ ከቀድሞው ወይራ አጠገብ ሲታይ ልዩነቱ አይን ይገባል።

ከመመለስ በፊት የድንጋይ ደወሉ ይታይ፤ ከእንጨት ላይ የተንጠለጠሉ ረዣዥም ጠፍጣፋ ድንጋዮች፣ በሌላ ድንጋይ ሲመቱ እንደ ብረት የሚያስተጋቡ። ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ጀልባ።

ሁለተኛ ቀን፦ ውስጡ

ዛሬም በዚያው ሰዓት መነሻ፣ በዚያው ወደብ መድረሻ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቀን ይገባዋል ወይ የሚል ይኖራል፤ ውጭውን ያላየ ሰው ውስጥ ገብቶ ሥዕል ብቻ አይቶ ይወጣል። ቀን ሲመረጥ አንድ ነገር ይታሰብ። በየወሩ 16 ኪዳነ ምሕረት ናት፣ የካቲት 16 ደግሞ ዓመታዊ በዓሏ፤ በዚያ ቀን መሄድ ለጸሎት እንጂ ለማጥናት አይሆንም። በአጽዋማት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ጠዋቱ ነፃ ነው።

ሕንፃው ሦስት ክፍል ነው። ዳሩ ቅኔ ማኅሌት (የመዘምራን ቦታ)፣ ቀጥሎ ቅድስት (የቁርባን ቦታ)፣ መሀሉ መቅደስ (ታቦቱ ያለበት)። የውጩ ክብ ነው፤ መቅደሱ ግን አራት ማዕዘን ነው። ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ ይገባሉ። ከመቅደሱ ውስጥ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም አይገባም፤ ጎብኚ የሚያየው በግድግዳው ውጫዊ ፊት ላይ ያለውን ነው፤ እሱም ይበቃል። ሥዕሉ እዚህ ብቻ መሆኑ ጥበብ አለበት። ሁለት ዙር ክፍልና ሰፊ ጣሪያ ከዝናብና ከፀሐይ ይከልሉታል፤ ብርሃን የሚያገኘው በሮቹ ሲከፈቱ ብቻ ነው። ቀለሙ እስካሁን ያልገረጣው በዚህ ነው።

መጀመሪያ በሮቹን ማየት ይገባል። ምናልባት ከሕንፃው ሁሉ ረጅም ዕድሜ የሚኖረው በሩ ነው። እያንዳንዱ መዝጊያ ከአንድ ግዙፍ ግንድ የወጣ ሳንቃ ነው፤ መጋዝ ሳይሆን መጥረቢያ ነው የፈጠረው። ባትሪውን ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን፣ ከእንጨቱ ጋር አስጠግቶ ማብራት ነው፤ ያኔ የጥርቡ ጠባሳ እንደ ትንንሽ ማዕበል ተደርድሮ ይታያል። ማጠፊያ ብረት የለውም፤ ከሳንቃው የወጣ እንጨት ከላይና ከታች ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል። የታችኛው ጉድጓድ ሲበላ በሩ ይወርዳል፣ መሬት ይጭራል፤ ወለሉ ላይ የተጫረ ቅስት ካለ የዚያ ምልክት ነው። ግድግዳ ቢፈርስ፣ ጣሪያ ቢለወጥ በሩ ተነሥቶ ይቀመጣል፣ ተመልሶ ይገጠማል። በምዕራቡ መዝጊያዎች ላይ ሰይፍ የመዘዙ ሊቃነ መላእክት ተሥለዋል፤ ጠባቂዎች ናቸው።

አሁን ወደ ግድግዳው። ብዙ ሰው ሥዕሉ ጭቃው ላይ የተሣለ ይመስለዋል። ጨርቅ ነው። ግድግዳው በስሱ ጭቃ ተለስኖ፣ ከደረቀ በኋላ የጥጥ ጨርቅ ከቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ ይለጠፍበታል፤ ጨርቁ ነጭ ይቀባል፣ ንድፉ በጥቁር ይወጣል፣ ከዚያ ቀለሙ ይሞላል፣ መጨረሻ ላይ ጥቁሩ መስመር ይደገማል። አንዳንዱ ደግሞ ጨርቁ ላይ አስቀድሞ ተሥሎ ነው የሚለጠፈው። ይህን ለመለየት የጨርቁን መጋጠሚያ ማየት ነው፤ መጋጠሚያው ላይ የፈረስ እግር ወይም የልብስ ጠርዝ ተዛንፎ ከተገኘ ተሥሎ መለጠፉን ይጠቁማል።

ጥቁሩ ጥላሸት ነው፣ ቀዩና ቢጫው አፈር ነው። ደማቁ ሰማያዊ ግን ከባሕር ማዶ በነጋዴ የመጣ ቀለም ነው፤ እንደ ልብ የፈሰሰበት ሥዕል የኋላ ዘመን ሥራ ነው ለማለት አንዱ ምልክት ነው። ሁለተኛው ምልክት መሣሪያው ነው። በጣና አካባቢ ሥዕሎች የፈርዖን ሠራዊት ጠመንጃ እንደያዘ ቀይ ባሕር ሲሰጥም ይታያል። ሠዓሊው የሚያውቀውን ወታደር ነው የሣለው። ስለዚህ የጠመንጃው ዓይነት፣ የኮርቻው ጌጥ፣ የመኳንንቱ ካባ የሠዓሊውን ዘመን ይናገራሉ። ሠዓሊው ስሙን ባይጽፍ እንኳ ዘመኑን መደበቅ አይችልም።

ፊቶቹን ማንበብ ቀላል ነው። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይታያል፤ ኃጢአተኛና ከሃዲ በጎን፣ በአንድ ዓይን። በሰሜኑ ግድግዳ በፈረስ የተቀመጡት ሰማዕታት ይበዛሉ። ከሁሉም በላይ ግን እዚህ፣ በኪዳነ ምሕረት ቤት፣ በበላዔ ሰብእ ሥዕል ፊት መቆም ይገባል። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። አንድ ቀን አንድ በሽተኛ በእመቤታችን ስም ቢለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በፍርድ ቀን 78ቱ ነፍሳት በሚዛኑ አንድ ወገን፣ ያቺ ጥርኝ ውኃ በሌላው ወገን ተቀመጡ፤ እመቤታችን ጥላዋን ብትጥልበት የውኃው ወገን ሚዛን ደፋ። የምሕረት ኪዳን ማለት ምን እንደሆነ ሊቃውንቱ በብዙ ገጽ የሚያብራሩትን ሠዓሊው በአንድ ሚዛን ጨርሶታል። ሥዕሉን ሲያዩ ከዳር ወደ ዳር ሳይሆን በታሪኩ ቅደም ተከተል መከተል ነው፤ ያው አንድ ሰው በአንድ ጨርቅ ላይ ሲበላ፣ ውኃ ሲሰጥ፣ ሲፈረድለት ተደጋግሞ ይሣላል።

ጉዳቱንም ማየት አለብን። ከላይ ወደ ታች የወረደ ቡናማ መስመር የጣሪያ ፍሳሽ ነው፤ ጭቃውን እያሟሟ ይዞ ይወርዳል። ከግርጌ የተቆለመመ ጨርቅ እርጥበት ከመሬት ወጥቶ ሙጫውን እንዳላቀቀው ያሳያል። በትከሻ ቁመት ላይ ጠቁሮ ያንጸባረቀው የእጅና የከንፈር ቦታ ነው፤ ዘመናት የተሳለመው ሕዝብ አሻራ ስለሆነ እንደ ጉድለት ብቻ መቁጠሩ ይከብዳል፤ ዛሬ የሚመጣ ጎብኚ ግን እጁን ይሰብስብ። ካሜራ ካስፈቀዱ ያለ ፍላሽ ይሁን። መጋረጃውን የሚገልጠው አገልጋዩ ነው፤ ራስ ገልጦ ማየት ነውር ነው።

ሲወጡ ዕቃ ቤቱን መጠየቅ ነው፤ የነገሥታት ዘውዶች፣ ካባዎች፣ መስቀሎችና የብራና መጻሕፍት አሉበት። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ (የሱዳን መሐዲስቶች ጦር) ጎንደርን ሲያቃጥል የከተማው አብያተ ክርስቲያናት ከነንዋያቸው ጋዩ፤ በጣና ደሴቶችና ዳርቻ የቀረውን ቅርስ ክብደት የሚያሳየው ይህ ነው።

ሦስተኛ ቀን፦ አዝዋ ማርያም፣ በትረ ማርያም፣ አፋፍ

ሦስተኛው ቀን ለማነጻጸር ነው። ዘጌ ላይ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት አሉ ይባላል። ለአንድ ቀን ሁለቱ ይበቃሉ፤ አዝዋ ማርያም ከኡራ ብዙም አትርቅም፣ በትረ ማርያም ደግሞ የመሥራቹን ስም የያዘው ነው። ጀልባው አንዱ ወደብ አውርዶ በሌላው ወደብ እንዲጠብቅ ከተነጋገርን በጫካው ውስጥ በእግር ማቋረጥ ይቻላል። መንገዱ በቡናው ውስጥ ስለሚበታተን የአካባቢ አስጎብኚ ያስፈልጋል።

እዚህ ያሉትም ክብ ናቸው፣ ክፍላቸውም ያው ሦስት ነው። ስለዚህ ዓይን ወደ ጥገናው ይሂድ። ሁለት ነገር እንፈልጋለን። አንደኛው ሲሚንቶ ነው። የተቦረቦረ የግድግዳ እግር በሲሚንቶ ሲለሰን ለሁለት ዓመት ያምራል። ጭቃ ይተነፍሳል፤ ከመሬት የጠጣውን እርጥበት በፊቱ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ይደፍነዋል። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቋሚውን ያበሰብሳል፣ ወደ ውስጥም ይዞራል። ሲሚንቶውን በጣት ሲመቱት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከኋላው ያለው ጭቃ ረግፏል። ትክክለኛው ጥገና የድሮው ነው፦ የላላውን አራግፎ፣ አርጥቦ፣ ጭድ በበዛበት የቦካ ጭቃ መመረግ፣ ዙሪያውን ደግሞ ውኃውን የሚያርቅ የድንጋይ ንጣፍ ማንጠፍ። ርካሽ ነው፤ ግን በየጥቂት ዓመቱ ሰው ይፈልጋል።

ሁለተኛው የዘይት ቀለም ነው። የደበዘዘ ሥዕል ለማደስ ተብሎ በላዩ ላይ አዲስ መቀባት ከምስጥም ከዝናብም የበለጠ ያጠፋል። ዝናብ የጎዳውን ባለሙያ ሊያተርፈው ይችላል፤ በዘይት ቀለም የተሸፈነውን ለማስመለስ መሞከር ራሱ ከሥሩ ያለውን ይልጠዋል። አዲስ ሥዕል ካስፈለገ በአዲስ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ባዶ ቦታ ላይ ይሰቀል፤ የአባቶች ልማድም ጨርቅን የመረጠው ሊነሣና ሊተካ ስለሚችል ነው ብለን እናምናለን።

ከዚያ ወደ አፋፍ፣ ወደ ዘጌ ትንሿ ከተማ። ቡና እዚህ መጠጣት ይገባል፤ ከኅዳር ወዲህ ከሆነ ለቀማውም ማድረቁም በየደጁ ይታያል። ከአፋፍ ወደ ባሕር ዳር በመኪና መመለስም ይቻላል፤ በጀልባ ከሆነ ግን ከቀትር በፊት።

ለዚህ ጉዞ የሚመቸው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። የሕንፃውን አሠራር ማወቅ የሚፈልግ ግን አንድ ቀን በነሐሴ ይሂድ። መንገዱ ያዳልጣል፣ ሥዕሉም ጨለማ ይሆናል። ዝናቡ ሲጠነክር ከጣሪያው ሥር ቆሞ ጠፈጠፉ ከግድግዳው ምን ያህል ርቆ እንደሚወርድ፣ ጭቃው እስከ የት እንደሚረጭ፣ ውኃው በየት በኩል ተሰብስቦ ወደ ሐይቁ እንደሚሄድ ማየት ይችላል።